ወይፈኑና የፎገራ ሜዳ

በመስከረም ማብቂያ ከወረታ ወደ ጣና ወረድ ያለ ሰው ከምድሩ ይልቅ ሰማዩ ይበዛበታል። ሜዳው ዝርግ ነው፤ ርብና ጉማራ ያጠጡት ጨፌ ገና አልደረቀም፤ ላሞቹ ጥቁርና ነጭ ቡሬ ናቸው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሠዓሊዎችም የነበራቸው እንዲህ ያለ ሜዳ ነው፤ አድማሱን ዝቅ አድርገው አብዛኛውን ሸራ ለደመና ይለቁ ነበር። መስኩ ግን ሁሉም የተፈጥሮ አይደለም። ከአምስተርዳም በስተሰሜን ያለው ቤምስተር እስከ 1612 እ.ኤ.አ. ሐይቅ ነበር፤ ውሃውን በነፋስ ወፍጮ መጥጠው ነው ግጦሽ ያደረጉት።

ሥዕሎቹ እንዴት ይነበቡ በሚለው ላይ ምሁራኑ አይስማሙም። ኤዲ ደ ዮንግ እንደ ቅኔ ፈቺ ከሰሙ ሥር ወርቅ ይፈልጋል፤ በዚህ መንገድ ለሚሄዱት የሰባች ላም የሆላንድ ብልጽግና ምሳሌ ናት። ስቬትላና አልፐርስ በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ የሆላንድ ሠዓሊ ዋና ሥራው ያየውን በትጋት መግለጽ ነው ትላለች። እኔ ወደ እሷ አደላለሁ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። አልበርት ኮይፕ በሆላንድ ላሞች ላይ ያፈሰሰው ወርቃማ ብርሃን ከጣሊያን የተመለሱ ሠዓሊዎች ያመጡት ነውና።

የጳውሎስ ፖተር «ወይፈኑ» (1647) ክርክሩን ያከረዋል። በሔግ ማውሪትስሃውስ የተሰቀለው ይህ ሸራ ወደ ጎን ከሦስት ሜትር ይበልጣል፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ስፋት የሚሰጠው ለነገሥታትና ለጦርነት ታሪክ ነበር። ዝንቦቹ ሳይቀሩ በከብቱ ዙሪያ ይታያሉ፤ ከታች እንቁራሪት አለች፤ ከሩቅ የራይስዋይክ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ብቅ ይላል። እንዲህ ሲታይ እውነት ይመስላል። የወረታ ገበያ ደላላ ግን አንዴ ቢዞረው ይጠረጥራል፦ ትከሻው የጎለመሰ ኮርማ፣ ዳሌው ገና ያልደረሰ ወይፈን። ፖተር ከተለያዩ ከብቶች ቆራርጦ አንድ አድርጎታል። ሻኛ ስለሌለው ደላላችን ዋጋውን በዚያም ይቀንስ ነበር።

በእኛ በኩል የጣና ገዳማት ሥዕል መስክን ለራሱ ሲል አይሥልም። እረኞቹ የሚመጡት ለልደት ነው፤ ከቅዱሳኑ ጀርባም ብዙ ጊዜ ያለው ሜዳ ሳይሆን የቢጫ፣ የቀይና የአረንጓዴ መደብ ነው።

ዛሬ ፎገራን ልሣል የሚል ከብቱን ከሸራው ጠርዝ ላይ ያገኘዋል። በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ መሃሉን ይዟል፤ ቡሬዎቹም ከአጨዳ በኋላ ገብተው ገለባውን ይቃርማሉ።