ያውቁ ኖሯል? የባራ አለቃ በክፈፍ ውስጥ
በማዳጋስካር ደሴት በደቡብ፣ በኢሆሲ ከተማና በኢሳሎ ገደላማ ተራሮች ዙሪያ ከብት እያረባ የሚኖረው የባራ ሕዝብ አለቆች በቀድሞው ዘመን ከተነሧቸው ፎቶግራፎች በአንዱ ፊት የቆመ ተመልካች፣ ከአለቃው ጦርና በትከሻው ላይ ከተጣለው ኩታ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በስብ እየተለወሰ እንደ ኳስ በተድቦለቦለው ጠጉሩ ላይ ነው። በግንባሩ መካከል የሚታየው ነጭ ክብ ነገር ከባሕር ዛጎል ተቆርጦ የተሠራ ሲሆን ስሙ ፌላና ይባላል፤ ጌጥ ይመስላል እንጂ የለበሰውን ከክፉ ይጠብቃል ተብሎ የሚታመንበት ክታብ ነው።

ባራ ዘንድ የሰው ክብሩ የሚለካው በሻኛማ ከብቶቹ ብዛት ስለ ነበረ፣ ጎልማሳው በሬ ነድቶ በመስረቅ ወንድነቱን ያስመሰክር ነበር፤ ይህ ግን በፎቶግራፉ አይታይም።

ፈረንሳይ ደሴቲቱን በሕግ የግዛቷ አካል ያደረገችው በነሐሴ 1896 እ.ኤ.አ.፣ ከአድዋ ድል አምስት ወር ያህል በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አለቆች በካሜራ ፊት ተቀምጠዋል፤ የሚያሳዝነው ግን ከአንዳንዱ ምስል ግርጌ በስሙ ፈንታ «የባራ አለቃ» የሚል ብቻ መጻፉ ነው።

ከዚያ ዘመን ፎቶግራፎች አንዳንዱ የሚታተመው በእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ስለ ነበረ፣ ብርሃን ባገኘው ቁጥር ይገረጣል፤ በምስሉ ላይ ያለው ነጭ ፌላናም ከጊዜ ብዛት የማር ቀለም ይይዛል።