ከፓፓያ ማሳ መልስ የሚመጣ ትኩሳት

ከንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚነሱ አንዳንድ ቤተሰቦች እሁድ ጠዋት በሞጆ አድርገው ወደ መቂና ባቱ (ዝዋይ) ይወርዳሉ። ልጆች ፓፓያ ከዛፉ ሲቆረጥ ያያሉ። መልካም ነው፤ ቤት የገባውን ፓፓያ ግን ከመላጥዎ በፊት በንጹሕ ውኃ ይጠቡት።

ባቱ 1 ሺህ 640 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአገራችን ወባ በብዛት የሚታየው ከ2 ሺህ ሜትር በታች ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ በሽታውን የመቋቋም አቅም አላዳበረም። ትንኟ በይበልጥ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ ይመረጣል። ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበሉ ማምሸት ካማራችሁ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ።

ችግሩ ምልክቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው። ትኩሳቱ ከንክሻው አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይጀምራል፤ ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ይነሳል። ያኔ ጉዞው ተረስቷል፤ ብርድ ብርድ ማለቱም በጉንፋን ይሳበባል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ “ባቱ ደርሰን ነበር” ብለው ለባለሙያው ይንገሩ፤ የወባ የደም ምርመራም ይጠይቁ። ቤት የተረፈ መድኃኒት አይሞክሩ። ፋልሲፋረም የተባለው ወባ ሕክምናው ከዘገየ በተለይ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን በቀናት ውስጥ ለሞት ሊያበቃ ይችላል።