ሳኩራ ሲፈካ ብርዱ አልቋል? የጃፓን ገጠር ካምፒንግ ተረትና እውነታ

ቶኪዮ ውስጥ ሳኩራ የሚባለው የቼሪ አበባ በማርች መጨረሻ ሲፈካ ብርዱ ከመላው አገሩ እንደወጣ፣ ከዚያ ወዲያ ከጓደኞች ጋር ድንኳን ይዞ ወደ ገጠር ለመውጣት ስስ ልብስ እንደሚበቃ በሰፊው ይታመናል። እምነቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ ቀኑ በእርግጥም ይሞቃል። የሚዘነጋው ካምፒንግ ማለት ማደር መሆኑ ነው፤ የሌሊቱን ብርድ ደግሞ ከወሩ ይልቅ የቦታው ከፍታ ይወስነዋል። ቶኪዮ ቆላ ናት፤ ዝነኞቹ የድንኳን ስፍራዎች ግን ደጋ ላይ ናቸው። በፉጂ ተራራ ምዕራባዊ ግርጌ የሚገኘው ፉሞቶፓራ ከ800 ሜትር በላይ፣ የሞቶሱ ሐይቅ ዳርቻ 900 ሜትር ገደማ፣ ናጋኖ ውስጥ ያለው ካሚኮቺ ደግሞ 1,500 ሜትር ላይ ነው። ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የቶኪዮ የኤፕሪል ሌሊት በአማካይ ወደ 10 ዲግሪ ስለሚወርድ፣ በዚህ ስሌት ፉሞቶፓራ 5፣ ካሚኮቺ 1 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳሉ። ሰማዩ ሲጠራና ነፋሱ ጸጥ ሲል መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚለቅ ከስሌቱም በታች ይወርዳል፤ ውርጭም ሣሩን ይመታል። የአገሬው ገበሬ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በባህላዊው አቆጣጠር ጸደይ ከሚገባበት ከፌብሩዋሪ መጀመሪያ አንሥቶ 88ኛው ቀን፣ ማለትም ሜይ 2 ገደማ፣ እስኪደርስ የሻይ ቡቃያው ከውርጭ አመለጠ አይልም። ጎልደን ዊክ የሚባለው፣ ብዙ ሰው ድንኳን ይዞ የሚወጣበት የበዓላት ሰሞን ደግሞ ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 5 ነው፤ ልክ በዚያው ወሰን ላይ።

«እሳት እናነድዳለን» የሚለው መልስ ችግሩን አይፈታውም። በጃፓን የደን ቃጠሎ የሚበዛው ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባሉት ወራት ነው፤ የረገፈው ቅጠል ይደርቃል፣ ነፋሱ ይበረታል። በ2025 ኢዋቴ ውስጥ በኦፉናቶ የተነሣው ቃጠሎ ከ2,500 ሄክታር በላይ አውድሟል። ስለዚህ በብዙ ስፍራዎች መሬት ላይ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው እግር ባለው የብረት ማንደጃ ብቻ ነው። ፍሙን ወደ ድንኳን ማስገባት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። የሌሊቱ መፍትሔ መኝታው ነው። የመኝታ ከረጢቱ ከዜሮ በታች ለሆነ ብርድ የተሠራ፣ ከሥሩ የሚነጠፈውም ወፍራም ይሁን፤ ከአየሩ ባላነሰ የሰውን ሙቀት የሚመጠው መሬቱ ነውና።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ መዝናናቱን ያጠፋዋል የሚሉ አሉ። ነገር ግን በ2015 የጀመረውና በ2018 አኒሜ የሆነው፣ ካምፕ ስለሚወጡ ልጃገረዶች የሚተርከው የደራሲው አፍሮ ማንጋ (ሥዕላዊ ታሪክ) «ዩሩ ካምፕ» ብዙዎችን ለካምፒንግ ያነሣሣ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፉ የተቀመጠው ግን በብርዱ ወራት ነው። ልጃገረዶቹ ዘና የሚሉት ብርድ ስለሌለ ሳይሆን ተዘጋጅተው ስለሚወጡ ነው። እስከ በጋ መጠበቅም ያው ሌላ ችግር ነው፤ በጁን የዝናቡ ወቅት ይገባል፣ ቀጥሎም ወበቁና ትንኙ ይመጣል። ወፍራም መኝታ የሌለው የጓደኛሞች ቡድን በኤፕሪል መውጣት ከፈለገ ቺባ ውስጥ ያለው የቦሶ ባሕረ ገብ ምድር ይሻለዋል፤ የባሕሩ ዳርቻ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ውሃውም ሙቀት ስለሚይዝ ሌሊቱ ይለዝባል።