ቲምና፦ የሰለሞን ስም ያደረበት ድንጋይ

«እንጨቱ የታለ?»

አማቼ ከመኪናው ወርደው መጀመሪያ የጠየቁት ይህንን ነው። ከፊታችን ቀይ የድንጋይ ግድግዳ ሰማይ ጠቀስ ሆኖ ቆሟል። ሌላው ጎብኚ ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ እሳቸው ግን ባዶውን ሜዳ ያያሉ። ጎንደር አጠገብ ለአባታቸው ወናፍ እየነፉ ያደጉ ሰው ናቸው። መንገድ ላይ «እዚህ ጥንት መዳብ ይቀልጥ ነበር» ብዬ ስለነገርኳቸው፣ ከገደሉ ውበት በፊት የከሰሉ ነገር አሳስቧቸዋል። መልሱን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ እንደማንኛውም መልስ ያጣ ሰው ወደ ዓምዶቹ ጠቆምኩ።

ቲምና በደቡብ እስራኤል፣ ከኤላት ወደ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በሦስት በኩል በገደል የታጠረ፣ በምሥራቅ በኩል ብቻ ወደ ዓረባ ሸለቆ አፉን የከፈተ ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ነው። ከመካከሉ ጥቁር ግራጫው የቲምና ተራራ ብቻውን ጉብ ብሏል። በእግር እዞረዋለሁ የሚል ሰው እንዳይሞኝ፤ ከአንዱ መስህብ እስከ ሌላው ያለው ርቀት መኪና ይፈልጋል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ከበቂ በላይ ውኃ ይዞ፣ በማለዳ መግባት ነው። ሰማይ ከጠቆረ ደግሞ ወደ ደረቁ ወንዝ መውረድ የለም። እዚህ ዝናቡ ሌላ ቦታ ዘንቦ ጎርፉ እርስዎ የቆሙበት ሊደርስ ይችላል።

በአገራችን ትምህርት ቤት ስለ ታላቁ ስምጥ ሸለቆ የተማረ ሰው ለዓረባ እንግዳ አይደለም። የዓረቢያ ምድር ከአፍሪካ እየተላቀቀ ነው። መላቀቁ አፋር ላይ ምድርን ይሰነጥቃል፣ ቀይ ባሕርን ያሰፋል፤ እዚህ ዓረባ ሲደርስ ግን ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን ያንሸራትታቸዋል። ምሥራቁ ወገን ከምዕራቡ አንጻር ወደ ሰሜን 105 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። እኔን ያስደነቀኝ የዚህ ማስረጃው ነው። በዮርዳኖስ በኩል ፌይናን የሚባል ሌላ ጥንታዊ የመዳብ ስፍራ አለ፤ ድንጋዩም ማዕድኑም የቲምና መንትያ ነው፣ ግን ወደ ሰሜን ርቆ ተቀምጧል። ሸለቆውን በሐሳብ ወደ ኋላ ሲመልሱት ሁለቱ ይገጥማሉ። አንድ የመዳብ አልጋ ለሁለት ተቆርጦ፣ ግማሹ አንዱ መንግሥት ግማሹ ሌላው መንግሥት ዘንድ አድሯል ማለት ነው።

«የሰለሞን ዓምዶች» የሚባሉት እነዚያ ሰው ሁሉ የሚያንጋጥጥባቸው ናቸው። የአሸዋ ድንጋይ ናቸው፤ ያነጻቸው ሰው የለም። ገደሉ ከላይ እስከ ታች ሲሰነጠቅ ውኃ በስንጥቁ ገባ፣ እየቦረቦረም አሰፋው፤ በስንጥቆቹ መካከል የቀረው ድንጋይ ዓምድ መሰለ። ከእነሱ ትንሽ ራቅ ብሎ «እንጉዳይ» የሚባለው ድንጋይ ቆሟል። ከላይ ያለው ጠንካራው ድንጋይ ሲጸና ከሥሩ ያለውን ለስላሳውን ነፋስና እርጥበት ስለበሉት፣ ባርኔጣ ደፍቶ በቀጭን አንገት የቆመ ሽማግሌ ይመስላል። በምዕራቡ ገደል ላይ ደግሞ ውኃና ነፋስ የበሷቸው ቅስቶች አሉ። ጊዜ ያለው የቅስቶቹን መንገድ እንዳያልፈው እላለሁ፤ ዓምዶቹን ግን ከታች ሆኖ ማየት ይበቃል።

ቢሆንም ከዓምዶቹ ሥር ትንሽ እንቆይ። የተጠረበ ደረጃ ወደ ላይ ይወስዳል፤ ከላይ ድንጋዩ ላይ አንድ ንጉሥ ለአንዲት እመቤት መባ ሲያቀርብ ተቀርጿል። ንጉሡ ሰለሞን አይደለም። የግብፁ ፈርዖን ራምሴስ ሦስተኛ ነው፤ እመቤቲቱም የማዕድን ቆፋሪዎች ጠባቂ ተደርጋ ትመለክ የነበረችው ሐቶር ናት። «ታዲያ ሰለሞን የት አለ?» አሉኝ አማቼ። ሳቅሁ። እሳቸው ራሳቸው እስራኤል የገቡት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰዎችን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ባጓጓዘው ዘመቻ ነው፤ ስሙም ዘመቻ ሰለሞን ነበር። ይህ ስም ያላደረበት ቤት የለም።

ቲምና ላይ እንዴት እንዳደረ ግን ታሪኩ ይታወቃል። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሰለሞን ወርቅና ናስ ብዙ ይናገራል እንጂ «የሰለሞን ማዕድን ማውጫ» የሚል ቦታ የለውም። ሐረጉን በዓለም ያናኘው እንግሊዛዊው ደራሲ ራይደር ሀጋርድ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ኔልሰን ግሉክ የቲምናን የማቅለጫ ቦታዎች አይቶ የሰለሞን ናቸው አለ። በ1969 ሌላው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ቤኖ ሮተንበርግ ከዓምዶቹ ግርጌ የሐቶርን ቤተ መቅደስ ሲያገኝ ነገሩ ተገለበጠ። ማውጫው የግብፃውያን ነው፣ ከሰለሞንም ሁለት መቶና ሦስት መቶ ዓመት ይቀድማል ተባለ። ከዚያው ቤተ መቅደስ ራሱ በወርቅ የተለበጠ የመዳብ እባብ ወጥቷል። ግብፃውያን ከሄዱ በኋላ የምድያም ሰዎች ቦታውን ወደ ድንኳን መቅደስ ለውጠውት ነበር፤ የሙሴን የናስ እባብና ምድያማዊውን አማቱን ዮቶርን የሚያስታውስ አንባቢ ቀሪውን በራሱ ያስብ።

ከ2013 ወዲህ ደግሞ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ኤሬዝ ቤን ዮሴፍ ከቆሻሻ ክምር ውስጥ የተምር ፍሬና ከሰል እየለቀመ ዕድሜውን በካርቦን አስለካ። ሥራው የጦፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው ክፍለ ዘመን፣ ማለትም በዳዊትና በሰለሞን ዘመን ሆኖ ተገኘ። ሰለሞን ተመልሶ መጣ ብለው የፈነጠዙ ብዙ ነበሩ። ቆፋሪው ራሱ ግን ሠራተኞቹም ጌቶቻቸውም ኤዶማውያን ነበሩ ባይ ነው። ስለዚህ ዘመኑ ለሰለሞን ተመልሷል፣ ጉድጓዱ አልተመለሰም። ለእኔ ከክርክሩ ይልቅ ዝርዝሩ ይጥማል። በረሃው ደረቅ ስለሆነ 3,000 ዓመት የሆነው የአህያ ፋንድያ እንኳ አልበሰበሰም፤ ሲመረመር አህዮቹ ድርቆሽና ወይን ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን አተላ ይቀለቡ እንደነበር ታወቀ። ወይን እዚያ አይበቅልም፤ ከሩቅ ተጭኖ የመጣ ነው። በ2021 ይፋ የሆነው ቁራጭ ጨርቅ ደግሞ ከባሕር ቀንድ አውጣ በሚገኘው ውድ ሐምራዊ ቀለም የተነከረ ነበር። ጨርቁ የተገኘበት ኮረብታ «የባሪያዎች ኮረብታ» ይባል ነበር። ባሪያ ሐምራዊ አይለብስም። እሳቱን የሚያውቁት ሰዎች የተከበሩ ነበሩ።

ይህንን ለአማቼ ስነግራቸው ዝም አሉ። የቤተ እስራኤል ወንድ ቀጥቃጭ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ በነበረችበት አገር እሳት ማወቅ ክብር አላስገኘም። ማረሻውን የሚገዛው ገበሬ «ቡዳ» ብሎ ልጁን ከዓይናቸው ይሸሽግ ነበር።

ማውጫዎቹ ጋ ስንደርስ መሬቱ ላይ እንደ ሰሃን ክብ ክብ ሆነው የሚታዩ ጠባሳዎች አየን። ሺዎች ናቸው። እያንዳንዱ ጥንት የተቆፈረ፣ በኋላ አሸዋ የሞላው ጉድጓድ ነው። ክፍት የሆኑት ውስጥ ሲያጮልቁ በግድግዳው ላይ እግርና እጅ ማስገቢያ ተፈልፍሎ ይታያል፤ ሰውየው ያለ መሰላል እንደ ሽኮኮ ይወጣ ይወርድ ነበር። ለጎብኚ በተከፈተው ጠባብ ዋሻ በደረት እየተሳብኩ ገባሁ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ግን ነጩ ድንጋይ ውስጥ እንደ ባቄላ የተበተነውን አረንጓዴ የመዳብ ማዕድን በእጄ ነካሁ። የመሮው ጭረት ትናንት የተተወ ይመስላል። ወገብ የሚያመው ሰው ከደጅ ሆኖ ያጮልቅ።

ከእንጉዳዩ አጠገብ ጥቁር ስብርባሪ ምድሩን ሸፍኖታል። ማብራሪያ ሰሌዳውን ላነብ ስል አማቼ ቀድመውኝ ጎንበስ አሉ።

«አባባ፣ ምንድን ነው?»

«የብረት አር ነዋ።» አንዱን አንስተው በመዳፋቸው መዘኑት፤ ከዚያ ሌላ። «ይህ ከብዷል፣ ሆዱ ውስጥ ቀርቶበታል። ይህ ግን ቀሏል፣ ደህና ነፍተዋል።»

«እርስዎ ድንጋይ አቅልጠዋል እንዴ?»

«እኔ የደረስኩት ለመቀጥቀጡ ነው። ከድንጋይ የሚያወጡት አያቴ ነበሩ ይባላል።»

ሰሌዳው ላይ ያለው በመሠረቱ እሳቸው ያሉት ነው። ማዕድኑ ተፈጭቶ ከብረት ወይም ከማንጋኒዝ ድንጋይ ጋር ይደባለቃል፤ በሸክላ አፍንጫ በኩል ወናፍ እየተነፋ ምድጃው 1,200 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። መዳቡ ከብዶ ይዘቅጣል፣ ጥቁሩ አር ከላይ ይንሳፈፍና በቀዳዳ ይፈስሳል። ያነሷቸውን ሁለቱን ቁራጮች ቦታቸው መለሷቸው፤ ከዚህ ምንም ይዞ መውጣት አይፈቀድም። መናፈሻው ውስጥ የሙሴን የመገናኛ ድንኳን በእውነተኛ ልኩ የሚያሳይ አምሳያም፣ ልጆች በጠርሙስ ባለ ቀለም አሸዋ የሚሞሉበት ሰው ሠራሽ ሐይቅም አለ። በሁለቱም ፈጠን ብለን አለፍን።

የከሰሉን መልስ ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት። በ2022 የቤን ዮሴፍ ባልደረቦች ከምድጃዎቹ የተረፈውን ከሰል በማይክሮስኮፕ መርምረው ምን እንጨት እንደነበር አሳተሙ። መጀመሪያ ላይ ምርጥ ነበር፦ ግራርና ሬተም፣ ማለትም ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ጥላው ሥር የተኛበት የበረሃ ቁጥቋጦ፤ ፍሙ ቶሎ አይከስልም። ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ በከሰሉ ውስጥ የዘንባባና ሌላም ደካማ እንጨት በዛ፤ ከሩቅ የመጣም ተገኘበት። ከ250 ዓመት ገደማ በኋላ ምድጃዎቹ ቀዘቀዙ። ማዕድኑ አላለቀም ነበር። ምድሩ ግን ዛሬም ያንን ቁጥቋጦ ወደ ቀድሞ ብዛቱ አልመለሰም።

ወደ ሰሜን ጥቂት ነድተን ዮትቫታ አጠገብ ካለው ሐይ ባር ገባን። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከበረሃ የጠፉ ወይም ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን የሚያራቡበት አጥር ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጦ በመካከላቸው መንዳት ይቻላል። ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ነጫጭ የዓረቢያ ሳላዎች ከዚህ ወጥተው ከ1997 ጀምሮ በዓረባ ተለቅቀዋል፤ ከእስያ የዱር አህዮች ደግሞ በ1982 ራሞን በሚባለው ስፍራ የተለቀቁ አሉ። እኛን ግን ያቆመን ግራጫ፣ ሆደ ነጭ፣ ቅልጥሙ ላይ የሜዳ አህያ መስመር የተሰመረበት እንስሳ ነው፦ የአፍሪካ የዱር አህያ። የቀረው መኖሪያው የአፋር በረሃና የአካባቢው አገር ነው፤ በዓለም ላይ ዱር ውስጥ የቀሩት አዋቂዎች ከ200 እንደማይበልጡ ይገመታል። ጭነት የሚሸከመው የእኛ አህያ ዘሩ ከዚሁ ዝርያ ነው። ያንን አተላ እየበላ መዳብ ያጓጓዘውም እንደዚሁ።

ስንመለስ ፀሐይ ወርዳ ገደሉ የእሳት ፍም መስሎ ነበር። ከጠርዙ ላይ ሦስት የኑቢያ ዋልያዎች ብቅ አሉ፤ የእኛው የስሜን ተራሮች ዋልያ የቅርብ ዘመድ፣ ቀንዱም ጢሙም ያው፣ የበረሃው ግን ሰውነቱ አነስ፣ ፀጉሩም ፈዘዝ ይላል። ከወረዱበት ደረቅ ወንዝ ዳር አንድ ግራር ቆሟል፤ ግንዱ ጠማማ፣ ጥላው ከአንድ መኪና የማይበልጥ። እንስሳቱ ከሥሩ ገብተው የረገፈውን ፍሬ መልቀም ጀመሩ።

አማቼ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርገው ዛፉን ከላይ እስከ ታች ለኩት።

«አንድ ምድጃ አይሞላም» አሉ።