ስለ ዕንቁላል ቅርፊት መሳሳትና ለዶሮ ስለሚሰጥ የኖራ ድንጋይ

በባላገር ቤት የኖረችው ያገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ትጥላለች። ለዚህ የሚበቃትን ካልሲየም ከጓሮው ለቅማ ታገኛለችና ባለቤቷ ስለ ቅርፊቱ አስቦ አያውቅም። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ለየቤቱ የታደለችው የተሻሻለ ዘር ዶሮ ግን በደንብ ከተቀለበች በዓመት ከ200 በላይ የምትጥል ስለ ሆነች፥ ነገሩ ሌላ ነው። በቆሎ ብቻ ሲሰፈርላት ቅርፊቱ ይሳሳል፤ በእጅ ሲያነሡት ይሰበራል፤ አንዳንዴም ቅርፊት አልባ ሆኖ በስስ ሽፋን ብቻ ይወጣል። ባለቤቲቱም ዘሩ ክፉ ነው ብላ ጤነኛይቱን ዶሮ ታርዳለች።

በአንድ ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ፤ በአንድ ኪሎ በቆሎ ውስጥ ግን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። የጐደለውን ዶሮይቱ ከገዛ አጥንቷ እያወጣች ትከፍላለች። ይህ ሲበረታ እግሯ ደክሞ መቆም ያቅታታል።

የዕንቁላል ቅርፊትና የኖራ ድንጋይ በባሕርያቸው ከሞላ ጐደል አንድ ናቸው። ድንጋዩም በዓባይና በሙገር ሸለቆ፥ በድሬዳዋና በመቀሌ አካባቢ በብዛት ይገኛል። ሆኖም ሹማምንት ሲያስተምሩ «ኖራ ስጡ» ከማለት ይጠንቀቁ። ባላገሩ ኖራ ሲባል የሚያውቀው ለግድግዳ የሚቀባውን ነውና ያንኑ ገዝቶ ይሰጣል። በእሳት የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ የዶሮይቱንም አፍና ጕሮሮ ይልጣል። ለኮምጣጣ መሬት የሚበተነው ያልተቃጠለ ድንጋይ ዱቄት ቢሆንም፥ ሁለቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ድንጋዩን ራሱን በእጅ ይዞ ማሳየት ከቃል ይሻላል።

ድንጋዩ በሌለበት አገር የዕንቁላሉ ቅርፊት ራሱ ይበቃል። ታጥቦ በምጣድ ይታመሳል፥ ከዚያም ይሰበራል። መልኩ ሳይለወጥ ከተሰጣት ዕንቁላል መብላት ትለምዳለች። ድንጋዩም ሆነ ቅርፊቱ እንደ ምስር ክክ ይሁን እንጂ አይላም፤ ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው በሌሊት ነውና፥ ሻካራው በጨጓራዋ ቈይቶ ጥቂት በጥቂት ይሟሟላታል፤ ዱቄቱ ግን ፈጥኖ ያልፋል። በዚሁ ምክንያት ወደ ማታ መስጠት ይመረጣል።

ከቀለቡ ጋራ ሳይደባለቅ በሌላ ዕቃ ይቀመጥላት፤ የሚበቃትን ራሷ መርጣ ትወስዳለች። ጫጩቶችና ገና ያልጣሉ ቄቦች ከቀለባቸው ጋራ ተደባልቆ ብዙ ካልሲየም ቢበሉ ኵላሊታቸው ይጐዳል። አሞሌ ጨው ይህን ሥራ አይሠራም፤ ሲበዛም ቅርፊቱን ያሳሳል።

በቈላ በብርቱ ሙቀት ጊዜ ዶሮ መብላት ስለምትቀንስና ስለምታለከልክ ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ይዘጋጅላት። ድንጋዩ እየተሰጣት ጥቂት ሳምንት አልፎ ቅርፊቱ ካልጠና፥ ወይም የጎረቤት ዶሮዎችም በአንድ ጊዜ መጣል ካቆሙ፥ ነገሩ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይጠራ።