የዓሣ ጫጩት የሚያድግበት የወንዝ አፍ

ለሰንበት ብለን ዓርብ ዓርብ የምንገዛው ቡሪ የት አደገ? «ባሕር ውስጥ» ብንል መልሳችን ግማሽ ነው። ቡሪ እንቁላሉን የሚጥለው ከዳርቻ ርቆ፣ ባሕሩ በሚጠልቅበት ቦታ ነው። ጫጩቱ ግን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲሆን በመንጋ ወደ ዳርቻ ይጠጋና ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበትን ቦታ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈው እዚያ ነው። የኪኔሬት ቡሪም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ሐይቁ ውስጥ ስለማይራባ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጫጩቱ በሜዲትራንያን ዳርቻ ካሉ የወንዝ አፎች እየተያዘ ወደ ሐይቁ ሲጨመር ኖሯል።

የወንዝ አፍ ለጫጩት የሚመቸው ለምንድን ነው? ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ትልልቅ አዳኝ ዓሦች እንደልባቸው አይገቡበትም። ብዙ ጊዜ ደፍራሽ ስለሆነ ትንሹ ዓሣ በቀላሉ አይታይም። ወንዙ ከየብስ ይዞት የሚመጣው ብስባሽ አልጌን፣ አልጌው ደግሞ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እንስሳትን ያበዛል፤ ስለዚህ ምግብ አይጠፋም። አስቸጋሪው ጨው ነው። ጣፋጩ ውኃና የባሕሩ ውኃ ሲቀላቀሉ የጨው መጠኑ በየሰዓቱ ሊለዋወጥ ይችላል። ይህን መቋቋም የሚችል ጫጩት ማዕዱን ያገኛል፤ የማይችለው ባሕር ውስጥ ይቀራል።

እዚህ ላይ «ብዝኃነት» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንያዘው። ተመራማሪ መረብ ጎትቶ አንድ ሺህ ጫጩት ቢያወጣና ሁሉም ቡሪ ቢሆኑ ቦታው በዓሣ ብዛት እንጂ በዓይነት ሀብታም አይደለም። ሌላው ስህተት በዓመት አንዴ ብቻ ቆጥሮ መፍረድ ነው፤ ዓሦቹ ቤቱን በየተራ ነው የሚጠቀሙበት። የቡሪ ጫጩት ከበልግ እስከ ክረምቱ መግቢያ ይመጣል፤ የቅርብ ዘመዱ ቶባር በክረምት ይከተላል፤ ላቭራክና ዴኒስ ደግሞ ክረምቱ ሲገባደድና በፀደይ ይታያሉ። (እዚህ አገር ዝናቡ ከኅዳር ወዲህ መሆኑን ወላጆቻችን እስኪለምዱት ጊዜ ወስዶባቸዋል።) ከሁሉም የሚገርመው እባብ የሚመስለው ጽሎፋሕ ነው። የሚወለደው ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፣ ሳርጋሶ በሚባለው ባሕር ሲሆን በውቅያኖስ ጅረት እየተነዳ ሁለትና ሦስት ዓመት ተጉዞ፣ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጫጩት ሆኖ ወንዛችን አፍ ይደርሳል። ቅርፊቱ ስለማይታይ ኮሸር አይደለም፤ ዛሬ ግን በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዓሦች አንዱ ነው።

ለአሽቀሎን ቅርብ የሆነው የወንዝ አፍ ናሐል ሺክማ ነው፤ ስሙ በአማርኛ ሾላ ማለት ነው። ከኬብሮን ተራሮች ደቡባዊ ግርጌ ተነሥቶ፣ በስዴሮት አቅራቢያ አልፎ፣ በሩተንበርግ የኤሌክትሪክ ማመንጫና በዚኪም መካከል ባሕር ይገባል። በሞቃቱ ወራት የሚያየው ሰው ወንዝ ነው ብሎ ለመጥራት ያመነታል፤ ማዕበሉ አሸዋ ከምሮ አፉን ይዘጋዋል። አሸዋውን ሰብሮ በሩን የሚከፍተው የክረምት ጎርፍ ነው። ይሁን እንጂ ከአፉ ከፍ ብሎ ጎርፉን የሚይዝ የውኃ ማጠራቀሚያ አለ፤ የተያዘው ውኃ በአሸዋው ሰርጎ የከርሰ ምድሩን ውኃ ይሞላል። ለሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን ባሕር ያልደረሰ ጎርፍ በር አይከፍትም፤ በሩ በጊዜው ካልተከፈተ ደግሞ በዚያ ወር ተራው የደረሰው ዓሣ ውጭ ይቀራል።

ጎርፍ ሲቀር ምን እንደሚሆን በጎረቤት ታይቷል። የዓባይ ጎርፍ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚመጣ ነው፤ ግብፅ ዳርቻ ላይ ሰርዲን የሚሰበሰበውም ያ ጎርፍ ባሕሩን ሲያዳብር ነበር። የአስዋን ትልቁ ግድብ ከ1964 ጀምሮ ጎርፉን ሲይዝ፣ በ1962 ወደ 18,000 ቶን ይጠጋ የነበረው የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሺህ ቶን በታች ወረደ።

ከጎንደርና ከደንቢያ የመጡ ቤተሰቦች ደግሞ የነገሩን ግልባጭ ያውቁታል። በጣና ሐይቅ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። የእነዚህ ጉዞ ከቡሪ ተቃራኒ ነው። ክረምት ሲገባ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ወንዞች አፍ ይሰበሰቡና ጥርት ያለ ውኃና ጠጠር ወዳለበት ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ፤ ጫጩቱ ወደ ሐይቁ ወርዶ ደንገል ባለበት ዳርቻ ያድጋል። ዓሣው አንድ ቦታ ላይ መከማቸቱ ለአጥማጅ ምቹ ነውና መረቡ እዚያው ወንዝ አፍ ላይ ይዘረጋል። በ1990ዎቹ ዓመታት (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የእነዚህ ዓሦች መጠን ወደ ሩብ ዝቅ ማለቱን ተመራማሪዎች አስመዝግበዋል። ኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315ን ያወጣችው በ1995 ዓ.ም. ነው። በ2011 (አሁንም በአውሮፓውያኑ) ደግሞ እንቦጭ የተባለው አረም በጣና ታየ፤ አብዝቶ የሸፈነውም በመገጭ በኩል ያለውን የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ማለትም ጫጩት የሚያድግበትን ነው።

እስራኤል ውስጥ በ2004 የውኃ ሕጉ ተሻሽሎ ተፈጥሮም ውኃ ከሚመደብላቸው ተጠቃሚዎች አንዷ ሆና ተቆጥራለች። በእኛ አስተያየት ግን ስለ ወንዝ ሲወራ የሚጠየቀው ስንት ሜትር ኩብ የሚለው ብቻ መሆን የለበትም፤ በየትኛው ወር የሚለውም መጠየቅ አለበት። ያው መጠን በጁላይ ቢለቀቅ ለሸምበቆው ይጠቅማል፤ የቡሪ ጫጩት ግን በሩ ላይ የሚቆመው በኖቬምበር ነው።